«አንብቢው» ማለት ብቻ አይበቃም

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚባል ክፍል ላይኖረው ይችላል። ቢኖረውም ቁልፉ ከንብረት ክፍል ኃላፊው ኪስ አይወጣ ይሆናል። እዚያ አንድ ቀን፣ ደወል ተደውሎ የጠመኔውን ብናኝ ከእጃችን እያራገፍን ሳለን፣ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ጠጋ ብላ «ቲቸር፣ ምን ላንብብ?» ትለናለች። ጥያቄዋ ቀላል ትመስላለች። መልሳችን ግን ልጅቷን አንባቢ ሊያደርጋት፣ ወይም ደግሞ ከመጽሐፍ ጋር ለረጅም ጊዜ ሊያቆራርጣት ይችላል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን መጽሐፍ ለሰው ስለ መጠቆም እንነጋገር ብለናል።

የተለመደውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። «ፍቅር እስከ መቃብርን አንብቢ» ብለን እንሄዳለን። መጽሐፉ ላይ ቅሬታ የለንም። የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ጀምሮ ያላነበበው እንኳ ስሙን የሚያውቀው መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው፤ ታሪኩም የሚጀምረው ከበዛብህ ወላጆች ነው እንጂ ልጅቷ ስሙን ሰምታ ከጓጓችለት ፍቅር አይደለም። ሰብለ ወንጌል እስክትመጣ ብዙ ገጽ መገለጥ አለበት። ይህን ሳንነግራት መጽሐፉን ብናስይዛት፣ ገና ማንኩሳ ላይ ሳለች ልትከድነውና «መጽሐፍ ለእኔ አይሆንም» ልትል ትችላለች። እኛ ግን «ዛሬ ልጆች ማንበብ አይወዱም» እያልን በሻይ ሰዓት እናማርራለን።

ታዲያ ምን እንበላት? «መጀመሪያው ትዕግሥት ይፈልጋል። ጉዱ ካሣ የሚባል ሰው ይመጣልሻል፤ እስከዚያ አትተይው» ብንላት ይሻላል። እንዲህ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ትሠራለች። መጽሐፉን ራሳችን እንዳነበብነው ታሳያለች፤ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚከብድ አስቀድማ ትናገራለች፤ ወደ ፊት የምትጠብቀውንም ነገር ትሰጣታለች።

ለእኛ ለሠልጣኞች ግን ይህንኑ መጽሐፍ በሌላ ምክንያት እንጠቁማለን። በዛብህ እኮ አስተማሪ ነው! ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለን ሊያስተምር ነው። ዕውቀቱ በዚያ ቤት ይፈለጋል፤ ሰውየው ግን ከቤቱ ሰዎች እኩል አይቆጠርም። መምህርነትን የመረጠ ሰው ይህን እያሰበ ቢያነበው፣ የፍቅር ታሪክ ብቻ መስሎት ያለፈውን ብዙ ነገር ያገኝበታል። አንድ መጽሐፍ ለሁለት ሰው በሁለት ምክንያት ይጠቆማል ማለት ነው።

አርእስት ብቻ የተደረደረበት ዝርዝር ከንብረት ቆጠራ አይለይም። በየበሩ ተለጥፎ አይተነዋል፤ ማንም ቆሞ አያነበውም። ለማን እንደሚሆን፣ ለምን እንደ ተመረጠና የትኛው ቦታ ላይ እንደሚያስቸግር የተጻፈበት እንደሆነ ግን ሰው ይቆምለታል፤ አልፎ ተርፎም ይከራከርበታል። እኛም የዚህ ዓምድ አዘጋጆች በየአልጋችን ሥር ካሉት መጻሕፍት ጥቂቶቹን አውጥተን እንደዚያ ሞክረናል።

በጣም የተከራከርነው በዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ላይ ነው። በ1962 ዓ.ም. የወጣ ልብ ወለድ ነው። ገሚሶቻችን ቋንቋው እንደ አቀበት ነው፣ የገጠሩ አነጋገር ያደክማል ብለናል። ሌሎቻችን ደግሞ ያ አነጋገር ነው መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገው ብለን ሞግተናል። የተማረ ወጣት ገጠር ገብቶ ከአገሬው ሰው ጋር ሲነጋገር ሁለቱ አለመግባባታቸው፣ ወጣቱ ሁሉን ነገር በክርክር ሊፈታ መሞከሩ ... ይህ ነገ የሚጠብቀን ነው። ስለዚህ ከምደባ በፊት እንዲነበብ እንጠቁማለን፤ ግን በአንድ ትንፋሽ አይደለም። ጥቂት ጥቂት ገጽ፣ የሚቻል ከሆነም ከጓደኛ ጋር ጮክ ብሎ። ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ግን አትስጡ።

መንግሥቱ ለማ ያዘጋጀው «ትዝታ ዘአለቃ ለማ» (1959 ዓ.ም.) ደግሞ ማንንም አያስቸግርም። አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ በቃል ያወጉት ነው፤ ሲያነቡት ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጦ እንደ መስማት ነው። የድሮውን የቤተ ክህነት ትምህርት በስነ ትምህርት ማስታወሻችን ላይ በሁለት መስመር አልፈነዋል። እዚህ ግን ተማሪው እንዴት እንደ ኖረ፣ መምህር ፍለጋ እንዴት አገር ለአገር እንደ ዞረ ከራሱ ከተማረው ሰው አፍ ይሰማል። ረጅም ነገር ማንበብ ለማይሆንለት ሰው መጀመሪያ የምንሰጠው ይህንን ነው፤ ከየትም ገጽ ቢጀመር ይያዛል።

የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ቀጭን ነው፤ ቅጥነቱ ግን አያታልላችሁ። ደራሲው በ1911 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ ሥራ ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ ድካሙን በርካሽ እንደሚሸጥ ያስረዳል። ሒሳብና ኅብረተሰብ ለምታስተምሩ እንጠቁማለን። በቀን አንድ ምዕራፍ ይበቃል፤ እርሳስ ይዛችሁ።

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» የሚጠይቀን ሠልጣኝ ብዙ ነው። በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ የቀረበት መጽሐፍ በመሆኑ፣ ሰው የሚያነበው ግማሹን ለታሪኩ ግማሹን ለደራሲው ዕጣ ነው። ለበሰለ አንባቢ ይሁን። ስለ ኤርትራው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጥቂት ካላወቀ ግን ብዙው ነገር ያመልጠዋልና፣ መጽሐፉን ስትሰጡ የዘመኑን ሁኔታ በአምስት ደቂቃ ንገሩት። መጨረሻውን አትንገሩ እንጂ!

አንዱ አዘጋጃችን የደስታ ተክለ ወልድን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) ሲጠቁም ሳቅንበት። መዝገበ ቃላት ይነበባል እንዴ? እሱ ግን ማታ ማታ አንድ ገጽ ያነባል፤ ማግስቱንም እኛ የማናውቀውን ቃል እየጣለ ያስቀናናል። ሳቃችንን ትተን ዝርዝሩ ውስጥ አስገብተነዋል።

እስካሁን የጠቀስናቸው ሁሉ በአማርኛ ናቸው። የምናስተምራት ልጅ ግን በቤቷ ሌላ ቋንቋ የምትናገር ልትሆን ትችላለች። ለእሷ በእናቷ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ መፈለግ የእኛ ግዴታ ነው። ካጣን ደግሞ የኦነሲሞስ ነሲብንና የአስቴር ጋኖን ሥራ እናስታውስ። ሁለቱም ከባርነት የወጡ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1894 ከምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ያሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ፣ አስቴር በቃል የምታውቃቸውን ተረቶችና ዘፈኖች የያዘ ነበር። መጽሐፍ ባልነበረበት፣ ሕዝቡ በቃል የያዘውን ወደ መጽሐፍ አስገቡት። አንድ መምህርም በደብተር ላይ ከተማሪዎቹ አያቶች ሃያ ተረት ቢሰበስብ፣ ለትምህርት ቤቱ የሚጠቁመው መጽሐፍ በእጁ ነው።

ሌላው የምንዘነጋው ጮክ ብሎ ማንበብን ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች ሳይቀሩ ተከታትለውታል። ያ ድምፅ የጠቆመውን ያህል ማንም ዝርዝር አልጠቆመም። የወጋየሁ ድምፅ የለንም፤ ይሁን እንጂ ከክፍለ ጊዜው መጨረሻ አሥር ደቂቃ ቆጥበን፣ ታሪኩ ሊጋጋል ሲል ደወሉ እንዲደወል አድርገን ብናነብ፣ በማግስቱ መጽሐፉን የሚለምነን ልጅ አይጠፋም።

መጽሐፍን ለሰው ማድረስ ምን ያህል ዋጋ እንደሚከፈልበት ለማየት ደግሞ ነቢይ መኮንንን ማንሳት ይቻላል። በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ወደ አማርኛ መለሰው፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እኛ ግን ጤነኛ እስክሪብቶና ንጹሕ ወረቀት ይዘን፣ ስላነበብነው መጽሐፍ አራት መስመር ለመጻፍ «ጊዜ የለኝም» እንላለን።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፤ ያላነበባችሁትን አትጠቁሙ። ያልቀመሱትን ወጥ ማሞገስ ነውና ተማሪ ቶሎ ይነቃል። «ቲቸር፣ ያ ሰውዬ ለምን እንዲህ አደረገ?» ብላ ስትመለስ የምንመልሰው ከሌለን፣ ሁለተኛ አትጠይቀንም። መጽሐፉን ጀምረን ትተነው እንደሆነም «እስከ ግማሽ ነው ያነበብኩት፤ አንቺ ጨርሰሽ ንገሪኝ» ማለት ነውር የለበትም። እንዲያውም አንዳንድ ልጅ መምህሩን ለመቅደም ሲል ይጨርሰዋል።

ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ባዶ ወረቀት ለጥፈናል። መምህራንም ሠልጣኞችም አንድ አንድ መጽሐፍ ጻፉበት፤ ልብ ወለድ ብቻ ሳይሆን የእርሻ፣ የጤና፣ የሒሳብም ይሁን። ለማን እንደሚሆንና የሚከብደው ከየትኛው ገጽ እንደሆነ አትርሱ። መጽሐፉ ከቤተ መጻሕፍታችን የማይገኝ ከሆነ ማን ዘንድ እንዳለና በስንት ቀን መመለስ እንዳለበት ጨምሩ።