የበጋ ጎመን ለደጋው ቤተሰብ

መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። ጎመን የክረምት ችግር ማለፊያ ብቻ ተደርጎ ስለሚቆጠር እሸት ሲደርስ ይዘነጋል። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር በጃናሞራና በጠለምት እንደታየው ድርቅ ሰብልን ሲያጠፋ፣ የዕርዳታ ስንዴ ረኃብን ያስታግሣል እንጂ ለምለም ቅጠል የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤና ሲ አይተካም።

የሐበሻ ጎመን የኢትዮጵያ ደጋ ተወላጅ በመሆኑ ቅዝቃዜን ይችላል። ከጎንደር አራዳ ጓሮዎች ጀምሮ እስከ ገጠሩ መንደር ድረስ ጥቂት ውሃ ባለበት ሁሉ በበጋ ሊለማ ይችላል። አፈጻጸሙም እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ/ ዝናቡ እንዳበቃ በጥቅምት ችግኙ በመደብ ላይ ይፈላል፤ አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲያወጣ ፍግ ወደ ተጨመረበት ጓሮ ይዛወራል።

2ኛ/ ጠዋት ወይም ማታ ውሃ ይጠጣል፤ እህል የታጠበበት ውሃ ለዚሁ ይውላል እንጂ አይደፋም።

3ኛ/ የታች የታቹ ቅጠል ብቻ ይቀጠፋል፤ አናቱ ካልተነካ ደጋግሞ ያቆጠቁጣል።

4ኛ/ ብርቱ የሆኑት ጥቂት እግሮች ሳይቀጠፉ ለዘር ይተዋሉ፤ ከዘር የተረፈው ጎመንዘር ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል።

ከአራቱ የመጨረሻው ይበልጣል፤ ዘሩን የጨረሰ ቤተሰብ በሚቀጥለው ዓመት የሰው እጅ ይጠብቃልና። ስለዚህ ዕርዳታ አከፋፋይ ሠራተኞች ከስንዴው ጋር እፍኝ የጎመን ዘር ቢያድሉ፣ የጎመኑ ምንቸት በበጋም ከቤት አይወጣም።