የ1975ቱ «ኦሮማይ» በቴሌግራም ጨረታ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀውሃ ነው፤ አሮጌ መጻሕፍት እሰበስባለሁ። በአንድ የቴሌግራም ቻናል የመጀመሪያው እትም «ኦሮማይ» ለጨረታ ቀርቧል። ሻጩ ካሸነፍኩ ሙሉውን ብር በቴሌብር አስቀድሜ እንድልክ ይፈልጋል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። የበዓሉ ግርማ ልቦለድ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ። ብርቅ ያደረገው ይኸው ነው፤ ለአጭበርባሪም አመቸው። በኋላ የታተሙትንና ፎቶ ኮፒዎችን «ኦሪጅናል» ብሎ መሸጥ ከባድ አይደለም።

የሽፋኑ ፎቶ ብቻ አይበቃም። የኅትመት ዓመቱ ያለበትን ገጽ፣ ጀርባውንና ስፌቱን፣ የዛሬው ቀን በእጅ ተጽፎበት ከጎኑ ከተቀመጠ ብጣሽ ወረቀት ጋር አንስቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁት። መጽሐፉ በእጁ ከሌለ እዚህ ላይ ሰበብ ያበዛል። ያረጀ ወረቀት ብዙ ጊዜ ከጠርዙ ይበልጥ ይወይባል፤ ሻይ የተቀባ ግን እኩል ሊቀላ ይችላል። ከተጠራጠሩ አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ቅጂ ካለ ከዚያ ጋር ማስተያየት ይቻላል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ አንዴ የተላከ ብር ማስመለስ አስቸጋሪ ነው። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነና እዚያ ዘመድ ካለዎት፣ ዘመድዎ መጽሐፉን አገላብጦ አይቶ እዚያው ይክፈል፤ ከዚያ በጀውሃ በኩል በሚያልፍ የደሴ መኪና ይላክልዎ። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ፣ እኔ ብሆን ጨረታውን እተወው ነበር። ዋጋ የሚያንሩ የሻጩ ወዳጆችም አይጠፉምና ጣሪያዎን አስቀድመው ይወስኑ።

ሌላ ጊዜ የሚቀርብልዎ የብራና መጽሐፍ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከቅርስ ባለሥልጣን ሳይጠይቁ አይግዙ። ከተታለሉም የክፍያ ማረጋገጫውንና መልእክቶቹን ሳያጠፉ ለፖሊስ ያመልክቱ።