የእብድ ውሻ በሽታ በድመት፦ የዐሥር ቀኑ ክትትል ትርጉምና ወሰን በጣና ዳርቻ

«የእብድ ውሻ በሽታ» የሚለው ስያሜ የበሽታውን ዋና አስተላላፊ በትክክል ያመለክታል፤ ድመትን ግን ከእይታ ይሰውራል። ውሻ የነከሰው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሮጣል፤ ድመት የቧጨረችው ግን ጉዳዩን ከቁም ነገር ላይቆጥረው ይችላል። የበሽታው የኢትዮጵያ ታሪክ ራሱ የሚተረከው በውሻ ነው፤ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1903 በአዲስ አበባ ውሾች ላይ የታየው ነው። ድመት የራሷ የሆነ የቫይረሱ ዝርያ የላትም፤ በአገራችን በዋናነት የምትያዘው በውሾች መካከል በሚዘዋወረው ነው። ስለዚህ አንዲት ድመት መታመሟ ከተረጋገጠ ከጀርባዋ ያሉትን ውሾች መፈለግ ይገባል።

ቫይረሱ በንክሻ ከገባ በኋላ የሚጓዘው በደም ሳይሆን በነርቭ ነው። በቁስሉ አካባቢ ካለው ጡንቻ ወደ ነርቭ ጫፎች ይገባል፤ ከዚያም በሕብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ይደርሳል። ወደ ምራቅ ዕጢዎች የሚወርደው አንጎልን ከያዘ በኋላ ነው። የዐሥር ቀኑ ክትትል የቆመው በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው፤ በነከሰችበት ዕለት ምራቋ ቫይረስ የነበረበት ድመት አንጎሏም ተይዟልና በጥቂት ቀናት ውስጥ ታማ ትሞታለች። እ.ኤ.አ. በ1963 የታተመ በድመቶች ላይ የተደረገ ጥናት ቫይረሱን በምራቅ ያገኘው ምልክት ከመታየቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነበር።

እዚህ ላይ እምብዛም የማይወሳ የኢትዮጵያ ድርሻ አለ። መኮንን ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት የሙከራ ጥናት፣ ከኢትዮጵያ በተወሰደ ዝርያ የተለከፉ ውሾች ምልክት ከማሳየታቸው እስከ 13 ቀን አስቀድሞ ቫይረሱን በምራቃቸው አውጥተዋል፤ በሜክሲኮው ዝርያ ግን ጊዜው እስከ 7 ቀን ነበር። ሙከራው በውሻ እንጂ በድመት አልተደረገም፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም በዐሥር ቀን ጸንቷል። ቢሆንም ውጤቱ ክትትሉ ለምን ሕክምናን መተካት እንደማይችል በግልጽ ያሳያል። በሽታው በሰፈነበት አገር ዐሥሩ ቀናት ክትባት ለመጀመር የሚጠበቁ አይደሉም፤ ክትባቱ ወዲያውኑ ይጀመራል፣ እንስሳዋ በዐሥረኛው ቀን ጤነኛ ሆና ከተገኘች ይቋረጣል። ይህ ልዩነት በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ የሰው ሕይወት የሚጠፋው ግን እዚሁ ላይ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታውን የሚያድን ሕክምና የለምና።

እንደ ቁንዝላ ባለች የሐይቅ ዳር ከተማ ክትትሉ ሌላም እክል ይገጥመዋል፦ ድመት አትታሰርም። ቀን ከእህል ማስቀመጫው አጠገብ ተኝታ የምትታየው ድመት ሌሊቱን የት እንዳሳለፈች፣ ከየትኛው ውሻ ጋር እንደተጋጨች ባለቤቷ አያውቅም። በበሽታው መጀመሪያ ደግሞ ጨለማ ቦታ ፈልጋ ትደበቃለች፤ ቆይታ ያለምክንያት ትተናኮላለች፣ ድምፅዋ ይለወጣል፣ የኋላ እግሮቿ ይዝላሉ። ስለዚህ የነከሰች ድመት በአንድ ክፍል ተዘግታ፣ ምግብና ውኃ እየቀረበላት መጠበቅ አለባት። ከቤት የጠፋች ድመት «ጤነኛ ሳትሆን አትቀርም» ተብላ መታለፍ የለባትም፤ ክትትል ያልተደረገባት ናትና ክትባቱ እስከ መጨረሻው መሰጠት አለበት።

ቁስሉም ያታልላል። የድመት ጥርስ ቀጭንና ሹል በመሆኑ ጥልቅ ገብቶ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይተዋል። ጥፍሯንም ስለምትልስ ቧጨራው በምራቅ ሊበከል ይችላል። በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ከየትኛውም ሌላ እርምጃ ይቀድማል።

እንስሳዋ ከሞተች ወይም ከተገደለች ማረጋገጫው የሚገኘው ከአንጎሏ ነው፤ የፍሎረሰንት ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ በአንጎል ግንድና በንዑስ አንጎል ላይ ይካሄዳል። ያበደ እንስሳ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሲገደል ግን የሚመረመረው ክፍል ይበላሻል፤ ሬሳው በሙቀት ከዋለም እንዲሁ። ከቁንዝላ በየብስም ሆነ በሐይቁ ተጉዞ ባሕር ዳር፣ ከዚያም አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚላክ ናሙና በበረዶ ተጠብቆ መድረስ አለበት። ላኪው ባለሙያም የእንስሳውን ዓይነት «ድመት» ብሎ ለይቶ መመዝገብ ይኖርበታል፤ በበሽታው ስም ብቻ ከተላከ «ውሻ» ተብሎ የመቆጠር ዕድል አለውና።