ከሐር ትል ከክሩ ሌላ ምን እናገኛለን? (የጉሎ ፍሬ ነገርም አለ)

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ዶክተር፣ የሐር ትል ስኳር ያጠፋል የሚሉት እውነት ነው?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ መጣልኝ። ስለዚህ ዛሬ ክሩ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው ነገር ምን እንደሚጠቅም፣ ምኑ ደግሞ እንደሚያሰጋ ልንገራችሁ።

አገራችን ውስጥ ሁለት ዓይነት የሐር ትል ይረባል። አንዱ የሙልቤሪ ቅጠል ይበላል። ሁለተኛው፣ ኤሪ የሚባለው፣ የጉሎ ቅጠል ነው ምግቡ። አዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በሐር ትል ላይ ይሠራል፤ አዲስ አበባ ያለው ሳባሃር ደግሞ የኤሪ ሐር ያሸምናል። ጉሎን እኛም አናጣውም፤ እዚህ ጭሮም ሆነ ገለምሶ ብዙ ሰው «ቆቦ» የሚለው ተክል ነው።

ትሉ በሐር ጎጆ ራሱን ጠቅልሎ ይተኛል። ከጎጆው ክብደት ትልቁ ድርሻ ግን የክሩ አይደለም፣ ውስጡ የተኛው ፑፓ ነው። ፑፓው ሲደርቅ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን ነው፣ ሩብ ገደማው ስብ። በኮሪያ፣ በቻይና፣ በሕንዷ አሳም ሰው ይበላዋል። እዚህ «ብሉት» ብል ገጹን ትታችሁ እንደምትሄዱ አውቃለሁ (እኔም አልሞክረውም)። ዶሮ ግን አትጠየፍም! ደርቆ ተፈጭቶ ከመኖ ጋር ይቀላቀልላታል። እንቁላሉ ደግሞ 6 ወር ለሞላው ልጅ በደንብ ተቀቅሎ ይሰጠዋል። የቀጨጩ ሕፃናትን ክንድ በመለኪያ ስለካ ለምውል ለኔ፣ ከሐሩ ሁሉ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

የትሉ ኩስና የቅጠሉ ትራፊ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ክሩ በሳሙናና በሶዳ ሲቀቀል የሚለቀው ሙጫ፣ ሴሪሲን የሚባለው፣ ለቅባትና ለሻምፑ ይገባል፤ ቆዳን ያለሰልሳል፣ ፀጉር አያበቅልም። ቀዶ ሕክምና ላይ የምናየው ጥቁሩ የመስፊያ ክርም አንዱ ዓይነት ሐር ነው።

ወደ ስኳሩ ስንመጣ፦ የሙልቤሪ ቅጠል ውስጥ ስታርች ወደ ስኳር የሚፈጭበትን ፍጥነት የሚያዘገይ ንጥረ ነገር አለ። ከምግብ በኋላ የሚመጣውን የስኳር መጠን ትንሽ ይቀንሳል፣ በሽታውን ግን አያጠፋም። ሻዩን ልትጠጡት ካሰባችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ሜትፎርሚንም ሆነ ኢንሱሊን ለዚህ ብሎ ማቋረጥ አይታሰብም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልግባ። ለኤሪ ትል ጉሎ የሚተክል ሰው ፍሬውንም ያገኛል። ፍሬው ምጣድ ለማሰስ ስለሚያገለግል በየማድ ቤቱ በጣሳ ተቀምጦ ይገኛል። ዥንጉርጉር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለልጅ ዓይን ከረሜላ የሚመስል። ውስጡ ግን ራይሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለ። ሳይሰበር የተዋጠ ፍሬ አንዳንዴ ጉዳት ሳያደርስ ሊወጣ ይችላል፤ ታኝኮ ከተዋጠ ግን ጥቂት ፍሬ እንኳ ሕፃንን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፦ ትውከት፣ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከዚያ ድካምና የሰውነት ፈሳሽ ማለቅ። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ እኛ የምናደርገው ፈሳሽ መተካትና ኩላሊትና ጉበቱን መከታተል ነው።

ልጁ አኝኮት ከሆነ ምልክት እስኪያሳይ አትጠብቁ። በጣት አታስመልሱት፣ ወተትም ያረክሰዋል ብላችሁ አትዘግዩ፤ የቀረውን ፍሬ ይዛችሁ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ሩጡ። በመንገድ ላይ ከጀመረው፣ ነቅቶ መጠጣት ከቻለ፣ ኦአርኤስ በትንሽ በትንሹ ስጡት። ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረው ፋጉሎም በሙቀት በአግባቡ ካልታከመ መርዙ ውስጡ ነው፤ ለዶሮም ለፍየልም አትስጡ። እርጉዞች ደግሞ የጉሎ ዘይት «ምጥ ያፋጥናል» ተብሎ ቢሰጣችሁ እምቢ በሉ፤ ከባድ ተቅማጥ ያመጣል፣ ማሕፀንንም ያነሳሳል።

ጣሳውን ዛሬውኑ ክዳን አድርጉለትና ልጅ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አውጡት።