በአንዱ ኮምፒውተር ሠርቶ በሌላው መጫን፦ የሊኑክስ ከርነል አሠራር ደረጃ በደረጃ

አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሊኑክስ ከርነል ኮምፓይል ማድረግ ሰዓታት ይፈጃል፤ ማሽኑ ይግላል፣ ዲስኩም ይሞላል። ጠንካራ ፕሮሰሰርና በቂ ራም ያለው አንድ ኮምፒውተር ካላችሁ ሥራውን እዚያ ጨርሳችሁ የተዘጋጀውን ፓኬጅ ለሌሎቹ ማከፋፈል ይሻላል። ይህ አሠራር ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ላይ ላሉ፣ ባለ 64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽኖች ነው።

ደረጃ 1፦ መረጃውን ከሚጫንበት ማሽን ውሰዱ

ሠሪው ማሽን ምን ዕቃ እንዳለው ለጉዳዩ አይጠቅምም፤ ምርጫው ሁሉ የሚወሰነው ከርነሉ በሚጫንበት ማሽን ነው። ስለዚህ ላፕቶፑን ክፈቱና «ቡት» ከሚባለው ፎልደር ውስጥ ስሙ በ«ኮንፊግ» የሚጀምረውን፣ አሁን የሚሠራበትን ከርነል ፋይል ቅዱ። ቀጥሎ «ኤልኤስሞድ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥታችሁ የሚወጣውን ዝርዝር በፋይል አስቀምጡ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩ የሚይዘው በዚያች ደቂቃ የተጫኑትን ሞጁሎች ብቻ ነው። ትእዛዙን ከመስጠታችሁ በፊት ፕሪንተሩን፣ የኢንተርኔት ዶንግሉን፣ ውጫዊ ዲስኩን ሰኩ፤ ዋይፋይና ብሉቱዝ አብሩ፤ ካሜራውን ክፈቱ፤ ቪፒኤን ካላችሁ አገናኙ። ፍላሽ መሰካት ብቻ አይበቃም፤ ከፍታችሁ ፋይሎቹን እዩ፣ አለዚያ የኤግዝፋት ሞጁል ሳይጫን ይቀራል። የተረሳ ዕቃ በአዲሱ ከርነል ላይ ድራይቨር ላይኖረው ይችላል።

ማሽኖቹ ብዙ ሆነው ዲስትሮአቸው አንድ ከሆነ የሁሉንም ዝርዝር በአንድ ፋይል አከታትሉት፤ አንድ ከርነል ለሁሉም ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ሠሪውን ማሽን አዘጋጁ

ቢልድ-ኢሴንሺያል፣ ፍሌክስ፣ ባይሰን፣ ቢሲ፣ ዴብሄልፐር፣ ሊብኤስኤስኤል-ዴቭና ሊብኤልፍ-ዴቭ ጫኑ። ሶርስ ኮዱን ከከርነል ዶት ኦርግ አውርዱ፤ ለረጅም ጊዜ ጥገና የሚደረግለትን «ሎንግተርም» የተባለውን ብትመርጡ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ኮንፊጉን አስተካክሉ

ከላፕቶፑ የመጣውን ኮንፊግ ሶርስ ኮዱ ውስጥ «ዶት ኮንፊግ» ብላችሁ አስቀምጡ። ከዚያ «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» ስትሉ ኤልኤስሞድ በሚለው ቫሪያብል የላፕቶፑን ዝርዝር ስጡት። ይህን ከዘለላችሁ የሠሪውን ማሽን ሞጁሎች ቆጥሮ ሌላውን ይጥላል። አዲስ ጥያቄ ሲመጣ ኤንተር መጫን ይበቃል።

የዲባግ መረጃውን ዝጉት፤ ፓኬጁን በከንቱ ያገዝፈዋል። የኡቡንቱ ኮንፊግ «ሲስተም ትረስትድ ኪስ» እና «ሲስተም ሪቮኬሽን ኪስ» ላይ እናንተ ጋ የሌለ ፋይል ይጠራል፤ ሁለቱንም ባዶ አድርጓቸው፣ ካልሆነ ሥራው መሀል ላይ ይቆማል። ከ6.16 ወዲህ የመጣውን «ኔቲቭ ሲፒዩ» አትክፈቱ፤ ከርነሉን ለሠሪው ፕሮሰሰር ስለሚያስተካክለው አሮጌው ማሽን ላይ ላይነሳ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ኮምፓይል አድርጉ

«ሎካልቨርሽን» ላይ የራሳችሁን መለያ ስም ስጡ። ቀጥሎ «ሜክ ቢንዴብ-ፒኬጂ» በሉ፤ በጄ አማራጭ የፕሮሰሰሩን ኮሮች ቁጥር ጨምሩ። የዴብ ፓኬጆቹ ከሶርስ ኮዱ ፎልደር አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይቀመጣሉ።

ደረጃ 5፦ ውሰዱና ጫኑ

የኢሜጅ ፓኬጁን በኤስሲፒ ወይም በፍላሽ አድርሳችሁ በ«ዲፒኬጂ» ጫኑ። ኢኒትራምኤፍኤስና የግራብ ሜኑው እዚያው ላፕቶፑ ላይ በራሳቸው ይዘጋጃሉ። የኤንቪዲያ ድራይቨር በዲኬኤምኤስ የምትጠቀሙ ከሆነ የሄደርስ ፓኬጁም ያስፈልጋል።

ሴኪዩር ቡት የበራ ከሆነ ያልተፈረመበት ከርነል አይነሳም፤ ወይ ራሳችሁ ፈርሙበት፣ ወይ ከባዮስ ዝጉት። ሪስታርት አድርጋችሁ በ«ዩኔም» የሰጣችሁትን መለያ ስም አረጋግጡ። ባይነሳ በግራብ ሜኑ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ የድሮው ከርነል አለ፤ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ በአዲሱ መሥራታቸውን ሳታዩ እሱን አታጥፉ።