«ነፃ» የተባለው ስልክ

(አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ናሆም ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ወራት ነው፤ እትዬ ጥሩወርቅ ስልክ ቤት ለዓመታት ሠርተዋል።)

ናሆም፦ እትዬ፣ 800 ዶላር የሚያወጣ አይፎን በነፃ እንሰጥሃለን አሉኝ። ከእኔ የሚጠበቀው መፈረም ብቻ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ፦ ለስንት ወር?

ናሆም፦ ለ36።

እትዬ ጥሩወርቅ፦ እንግዲህ ወረቀቱ ላይ የ800 ዶላር ባለዕዳ ነህ። ለ36 ሲካፈል በወር 22 ዶላር ከ22 ሳንቲም ይደርስብሃል። ያንኑ ያህል በየወሩ ከቢልህ ላይ ይቀንሱልሃል፤ ክሬዲት የሚሉት እሱን ነው። እነሱ ዘንድ እስከቆየህ ድረስ አንዱ አንዱን እያጣፋ ይሄዳል። በ15ኛው ወር ብትወጣስ? ክሬዲቱ ይቆማል፣ የቀረውን 467 ዶላር ገደማ ክፈል ትባላለህ።

ናሆም፦ እኔ መቼም የትም አልሄድም።

እትዬ ጥሩወርቅ፦ ገና መጥተህ ምኑን ታውቀዋለህ ልጄ? ነገ ሥራ ዳላስ ታገኝ ይሆናል፤ ወይ ኔትወርካቸው የማይሠራበት ሰፈር ትገባለህ። ደግሞ በመጀመሪያው ቀንም ሳትከፍል አትወጣም። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ የሽያጭ ታክሱ 6 በመቶ ነው፤ በሙሉ ዋጋው ላይ ሲሰላ 48 ዶላር ይሆናል። መስመር ማስከፈቻውም ለብቻው ነው።

ናሆም፦ ወለድ ግን የለበትም ብለውኛል።

እትዬ ጥሩወርቅ፦ እሱ እውነት ነው። ለዚህ ነው ስልኩን ትቼ ፕላኑን የምጠይቅህ። በወር ስንት ነው?

ናሆም፦ 80 ዶላር። በርካሹ ፕላን ስልኩ አይሰጥም አሉ።

እትዬ ጥሩወርቅ፦ አየህ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው! በቅድመ ክፍያ የሚሠሩ ኩባንያዎች የትላልቆቹን ኔትወርክ ተከራይተው ያልተገደበ ኢንተርኔት በ30 ዶላር ይሸጡልሃል። የ50 ዶላር ልዩነት በ36 ወር 1,800 ይሆናል። በዚህ ገንዘብ ያንን ስልክ ሁለት ጊዜ ትገዛዋለህ፣ ይተርፍሃልም። እርግጥ ሰው በሚበዛበት ቦታ የእነሱ ኢንተርኔት ቀድሞ ይንቀራፈፋል፤ ኡበር የሚነዳ ሰው ይህን ይመዝን። ለአንተ ግን ሌላም ጥቅም አለው፤ የብድር ታሪክህን የሚያጣራ ክሬዲት ቼክ የለበትም።

ናሆም፦ ታዲያ ሰው ሁሉ ለምን ይፈርማል?

እትዬ ጥሩወርቅ፦ ለምዶት ነው። ድሮ ለሁለት ዓመት ፈርመህ ስልኩን በ200 ዶላር ትወስድ ነበር፤ ቀሪውን በቢሉ ውስጥ ያስከፍሉህ ነበር። በፈረንጆች 2013 ቲሞባይል ያንን ኮንትራት ተወ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ማሰሪያው ግን አልቀረም፤ ወደ ስልኩ ዕዳ ዞረ፣ በብዙዎቹ ዘንድም ወደ 36 ወር ረዘመ። የሚጠቀምበት ሰው የለም አልልህም። አራት አምስት ላይን ይዞ ከአንድ ኩባንያ የማይነቃነቅ ቤተሰብ ይውሰድ፤ ላይኑ ሲበዛ የእያንዳንዱ ዋጋ ይወርዳል። አንተ ብቻህን ነህ።

ናሆም፦ ስልኩን ለእናቴ ልልክላት ነበር ያሰብኩት።

እትዬ ጥሩወርቅ፦ ዕዳው ሳያልቅ? እስኪያልቅ ብዙ ጊዜ ለእነሱ ኔትወርክ ብቻ እንደተቆለፈ ነው፤ የተቆለፈ ስልክ ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮምን ሲም አይቀበልም። መክፈል ካቆምክም መለያ ቁጥሩ ጥቁር መዝገብ ይገባል። ለእሷ ያልተቆለፈ ስልክ በሙሉ ዋጋው ግዛላት። ደግሞ ልብ በል፤ ከ2022ቱ አይፎን 14 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የሚወጡት አይፎኖች ሲም ማስገቢያ የላቸውም፣ በኢሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። እናትህ የለመደችው ሲም የሚገባበት ይሻላታል።

ናሆም፦ ያን ሁሉ ብር ከየት ላምጣ?

እትዬ ጥሩወርቅ፦ እቁብ ጀምረህ የለ? ዕጣህ ሲደርስ ታድሶ ዋስትና ያለው ትገዛላታለህ። አሁን ይዘኸው የመጣኸውን አይፎን ስጠኝ እስቲ። ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ አባውት... ወደ ታች ውረድ፤ ካሪየር ሎክ ከሚለው ጎን ምን ይላል?

ናሆም፦ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ»።

እትዬ ጥሩወርቅ፦ በል፣ አልተቆለፈም። የ30 ዶላሯን ሲም ገዝተህ ክተትበት፤ መጀመሪያ የአንድ ወር ብቻ ክፈል፣ ቤትህም ሥራ ቦታህም ኔትወርኩ መሥራቱን እይ።