ስለ ረዳት አስታማሚዎች ትምህርት

በአሜሪካ አገር በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በዚያው አገር በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ፥ ረዳት አስታማሚ የሚሆን ሰው ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲማርና እንዲፈተን ያዛል፤ ከዚህም ቢያንስ 16ቱ ሰዓት በነርስ ፊት የሚደረግ የሥራ ልምምድ ነው።

እኛ ሽማግሌ ማክበርን ከቤታችን ተምረን የለም ወይ? ታዲያ ይህ ሁሉ ሰዓት ለምን አስፈለገ?

አያታችን ውሃ ሲጠማቸው ብርጭቆውን ከአፋቸው እናደርሳለን። ትምህርቱ ግን ብርጭቆውን በእጃቸው አስይዞ መታገሥን ያዛል፤ ያልሠራ ክንድ እየዛለ ይሄዳልና። ከአልጋ የማይነሱትን በየጊዜው ማገላበጥ፥ አንዱ ጎን ተጭኖ እንዳይቆስል ነው። ከመንካት በፊት ማስፈቀድም መብታቸውን መጠበቅ ነው።

እንግዲህ ይህን ሥራ የምንንቅ ተማሪዎች እናስብበት፤ ለማክበር ቅን ልብ ብቻውን አይበቃም፥ ዕውቀትም ያሻል።